የነፍሰ ጡር እናት ድድ

ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ የወንድሜን ባለቤት ለእርግዝና ክትትል ይዣት ሄጄ ነበር። ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት «የነፍሰ ጡር ድድ መድማቱ ያለ ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አሏት፤ እሷም የመፋቂያዋ ጫፍ በየጠዋቱ በደም እየቀላ ለማንም ሳትናገር መክረሟን ያኔ ነገረችኝ።

የእናቲቱ አባባል ከፊሉ እውነት ነው። በእርግዝና ወቅት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ስለሚጨምሩ፣ ድድ በጥርስ ላይ ለሚከማቸው ባክቴሪያ ከወትሮው ይበልጥ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በቀላሉም ይደማል። ሕመሙ ጥርስን ወደሚደግፈው አጥንት ከዘለቀ ግን፣ ከ37 ሳምንት በፊት ከመውለድና ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ሕፃን ከመውለድ ጋር እንደሚያያዝ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። የድድ ሕክምና ያለጊዜው መውለድን እንደሚያስቀር በእርግጠኝነት ባይረጋገጥም፣ በእርግዝና ወቅት ቢሰጥ ጉዳት የለውምና የሚዘገይበት ምክንያት አይታየኝም።

አዋላጅ ነርሷ ስለ እንቅልፏና ስለሚያስጨንቃት ነገር ረጋ ብላ ስትጠይቃት ከልቤ ደስ አለኝ፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የሰነበተ ጭንቀት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚቋቋምበትን ኃይል ያዳክማል፣ እሱም ራሱ ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይያያዛል። በዚያ ላይ በሐሳብ የተዋጠች ሴት ጥርሷን ማጽዳቱንም፣ በወጉ መብላቱንም ቸል ስለምትል፣ ጭንቀቱ ድዷንም ይጎዳል።

ነርሷ ስታስመልስ አፏን ቶሎ በውኃ እንድትጉመጠመጥ፣ ጥርሷን ግን ቆየት ብላ እንድትቦርሽ መክራታለች። አምስተኛ ወሯ ስለሆነና ለጥርስ ሕክምና የሚመቸውም ይኸው መካከለኛው ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ ሳምንት ወንድሜ ራሱ ወደ ጥርስ ሐኪም ይወስዳታል።