ድምጻዊው ከነመለዋወጫው

የኩባንያ ነገረ ፈጅ ከሆናችሁ ሰው የሚያስታውሳችሁ ወይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ነው፣ ወይ ማታ ውል ልኮ «ነገ ጠዋት ይፈረማል፣ እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ሲል ነው።

ጭራሽ ሳያሳዩን መፈረምም አለ። የግዢ ክፍል ኃላፊያችን የሚወደው ይሄንን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቡና በመጋበዝ ማንም አይደርስበትም። ግን የሕግ ክፍሉን የሚያየው እንደ ቀይ መብራት ነው። ትራፊክ ከሌለ ይጥሰዋል።

የኩባንያው ምሥረታ በዓል ደረሰና ድምጻዊ ከነባንዱ ይምጣ ተባለ። ውል ያስፈልጋል። «እሷ ጋ ከገባ አይወጣም» ብለው፣ እኔ ለጄኔሬተር ግዢ ያዘጋጀሁትን ውል ከኮምፒዩተር ጎትተው አወጡ። «ጄኔሬተር» የሚለው በሙሉ በአንድ ጠቅታ «ድምጻዊ» ሆነ። ታተመ፣ ተፈረመ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 የሚፈልጋቸውን ሁለት ምስክሮች እንኳ አልዘነጉም። ያነበበው ሰው ግን የለም።

እኔ የሰማሁት ከበዓሉ በኋላ ነው። ጨፍሬ፣ በልቼ፣ ገብቼ ተኝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት የድምጻዊው ማኔጀር ደወለ። «እህቴ፣ ቀሪ ክፍያ ስጠይቅ የፍተሻ ሰርተፊኬት አምጣ አሉኝ። የሰውዬው ምኑ ነው የሚፈተሸው?»

ውሉን አስመጣሁት።

አንቀጽ 3፦ «ሻጭ ድምጻዊውን ከነመለዋወጫውና ከአጠቃቀም መመሪያው ጋር ያስረክባል።»

አንቀጽ 5፦ «ድምጻዊው ያለማቋረጥ 8 ሰዓት መሥራት መቻሉ በገዢ መሐንዲስ ተፈትሾ ይረጋገጣል።»

አንቀጽ 7፦ «ድምጻዊው እስኪተከል ድረስ በሸራ ተሸፍኖ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል።»

አንቀጽ 9፦ «ድምጻዊው ከልክ በላይ ቢሞቅ፣ ቢጨስ ወይም ያልተለመደ ድምፅ ቢያሰማ ሻጭ ለ12 ወር በነፃ ይጠግናል።»

እዚህ ጋ ስደርስ ተነስቼ የቢሮዬን በር ዘጋሁ። ነገረ ፈጅ ብቻዋን ስትስቅ መታየት የለባትም።

ሳቄ ሲያልፍልኝ ፋይናንስ ሄድኩ። ኃላፊዋ ፊቷ ፍንክች አላለም። «አንቀጽ 11 የመጋዘን ገቢ ደረሰኝ ካልቀረበ አትክፈሉ ይላል።»

«ሰው እኮ ነው!»

«ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ብለሽ ያሠለጠንሽን አንቺ አይደለሽ?»

እውነቷን ነው፤ ቁጥር 1731። እሱ ሳያንስ 1733ን ጨመረችልኝ፤ ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛም በትርጉም ሊለውጠው አይችልም። ጎበዝ ተማሪ ጣጣው ብዙ ነው።

ወደ መጋዘን ወረድኩ። የመጋዘን ኃላፊያችን ድሮ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሠሩ ደረሰኙን እስካሁን ሞዴል 19 ነው የሚሉት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ውሉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብዬ አልፈርምም፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ በዓሉ ላይ እርስዎም አይተውታል እኮ።»

«አይቼዋለሁ። አልቆጠርኩትም።» ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ። «ደሞ ገቢ ካደረግሁት በኋላ ወጪ የማደርገው በማን ስም ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

የውጭ ጠበቃ ቢሆን ቁጥር 1734ን ጠቅሶ፣ የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ይህ አልነበረም ብሎ ረዘም ያለ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሒሳቡንም ይልካል። ነገረ ፈጅ ግን ነገም ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው ምሳ የምትበላው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰብኳቸው። ቡና የግዢ ኃላፊው ከፈለ፤ ይህን እኔ ነኝ የወሰንኩት። አንቀጽ 11 ተሻሽሎ፣ ድምጻዊው መዝፈኑ ከተረጋገጠ ይከፈል የሚል አንድ ገጽ ጻፍኩ። ማሻሻያውም እንደ ዋናው ውል በጽሑፍና በምስክር መሆን አለበት አልኩ። አንዱ ምስክር የመጋዘን ኃላፊው ሆኑ። ደጋግመው አነበቡት፤ «ዕቃ» የሚል ቃል እንደሌለበት ሲያረጋግጡ ፈረሙ። ማኔጀሩ ገንዘቡን ተቀበለ።

የግዢ ኃላፊው ሲወጣ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ። «ቀድመሽ ብታዪው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖልኝ።

ከሰዓት በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ወቀሳ ጠብቄ ነው የገባሁት። ውሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል።

«ማሻሻያው አንቀጽ 9ን ነክቶታል?»

«አልነካውም። የክፍያውን ብቻ ነው ያሻሻልነው።»

«እንግዲያው የ12 ወሩ ዋስትና ይጸናል?»

«በወረቀት ደረጃ… አዎ።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። «ልጄን በጥር ልድር ነበር።»