ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ወደ ድሬ የተዛወርኩት እንዲህ ነው

እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ሲዝል፣ እኔ ከድሬዳዋ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ እማር ነበር። ሳቢያን ያለው ቤታችን ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም ገና ስምንተኛ ክፍል። ትምህርቴን አቋርጬ ልምጣ ስላት አጥብቃ እምቢ አለች። «እኔን ለማስታመም ብለሽ ዲግሪሽን ከተውሽማ ሕመሜ እጥፍ ይሆናል» አለችኝ። የቀረው መንገድ ዝውውር ነበር።

ግቢ ውስጥ የሚመክረኝ ሁሉ «ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሙዪና ድሬ ሄደሽ ለምኚ» ይለኝ ነበር። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው አጎቴ ግን ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «አቦ፣ ተቀባዩ ጣቢያ መስመሩ ነፃ ነው ሳይል ባቡር ይለቀቃል እንዴ?» አለ። እስከ መጨረሻው የሠራሁት በዚህ ነው፤ የመቀበያ ደብዳቤ በእጄ ሳይገባ ከነበርኩበት ግቢ አንድም ፊርማ አልወሰድኩም።

በሰሚስተር እረፍት ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ የዲፓርትመንት ኃላፊውን አነጋገርኩ። ቦታ መኖሩን ጠየቅሁ። ሥርዓተ ትምህርቱ ምን ያህል እንደሚገጥምና ስንተኛ ዓመት ላይ እንደምቀመጥም ጠየቅሁ። ይህን የመጨረሻውን አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ከተዛወረ በኋላ ነው፤ ከባቹ፣ አብረውት ከገቡት ተማሪዎች፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መቅረቱን ያን ጊዜ ይሰማል። ከማመልከቻዬ ጋር ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ወረቀት)፣ ከድል ጮራ ሆስፒታል የእናቴን የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ፣ ሌላ አስታማሚ እንደሌላት የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ፣ እንዲሁም በዲፓርትመንት ማኅተም የተረጋገጡ የኮርስ አውትላይኖች (የየኮርሱ ይዘት ዝርዝር) አያያዝኩ።

ያደከመኝ ትራንስክሪፕቴ ነበር። አንድ ኮርስ ላይ «ኤንጂ» ይላል፤ ውጤቱ አልገባም። መምህሩ ለሦስተኛ ዲግሪ ወጥቷል። ዲፓርትመንቱ ወደ ሬጅስትራር ይልከኛል፣ ሬጅስትራር መልሶ ወደ ዲፓርትመንት። እናቴ አልጋ ላይ፣ እኔ በሁለት ቢሮ መካከል፤ ያን ሰሞን ማታ ማታ ዶርም ገብቼ አለቅስ ነበር። በመጨረሻ የክፍላችን ተጠሪ መምህሩን በቴሌግራም አገኘው፤ መምህሩም ውጤቱን ፈርሞ ላከ፤ ዲፓርትመንቱ አጽድቆ ሬጅስትራር አስገባው። ዝውውር የምታስቡ ተማሪዎች፣ ባዶ ውጤት ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን አስጨርሱ። የሚቀበላችሁ ዩኒቨርሲቲ ነጥባችሁን ከማየቱ በፊት የሚያየው ባዶውን ቦታ ነው።

መቀበያው ከመጣ በኋላ ክሊራንሱ፣ ከየቢሮው ዕዳ እንደሌለብኝ ማስፈረሙ፣ ፈጥኖ አለቀ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ዲፓርትመንት። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ስለሚላክ በተማሪ እጅ አይሰጥም። ስለዚህ መዝገብ ቤት የሚሠሩትን እትዬ የደብዳቤውን ወጪ ቁጥርና ቀን ለመንኳቸው፤ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ድሬ ላይ «አልደረሰም» ስባል ቁጥሩን አሳየሁ፣ ገቢ መዝገብ ተገልጦ ተገኘ። ያ ቁጥር ባይኖር ምዝገባው ያልፈኝ ነበር።

የኮርስ ማመሳከሩ ሁለት መልክ ነበረው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሎጂኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊውም እንደተማርኳቸው ተቆጥረው ወዲያው ተያዙልኝ። የሁለተኛ ዓመት የዲፓርትመንት ኮርሶች ግን ቅደም ተከተላቸው ይለያያል። ድሬ ላይ በሁለተኛ ዓመት የተሰጠውን ኮስት አካውንቲንግ እኔ ገና አልወሰድኩም ነበርና ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ ተማርኩት። አንድ ኮርስ ደግሞ ስሙ ስላልገጠመ ሊጣል ሲል አውትላይኑን ምዕራፍ በምዕራፍ አሳየሁ። ሦስት ክሬዲት አወር ከአምስት ኢሲቲኤስ ጋር (ሁለቱም የኮርስ ክብደት መለኪያዎች ናቸው) እኩል እንደሆነ ኃላፊው አስልቶ ያዘልኝ።

ሁሉን ኮርስ ለማስያዝ መሟገት ግን ጥሩ አይመስለኝም። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ነው፤ ፈተናውም በአገር ደረጃ አንድ ነው። በወጉ ሳትማሩት የተያዘላችሁ ኮርስ እዚያ ይጠብቃችኋል። እኔ በደንብ ሳልይዘው የተማርኩትን አንዱን ኮርስ ይያዝልሽ ስባል እንኳ ክፍል እየገባሁ አዳመጥኩ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የወጪ መጋራት ውሉንም (ከምረቃ በኋላ የምትከፍሉትን የትምህርት ወጪ ድርሻ የምትፈርሙበትን) እንዳትረሱ። በየዓመቱ የፈረማችሁት ሰነድ ቅጂ ከፋይላችሁ ጋር መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ስትመረቁ የሁለቱ ዓመት ዕዳ የሚረጋገጥበት ወረቀት ፍለጋ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ያስኬዳችኋል። እኔ ከትራንስክሪፕቱ ጋር በአንድ ፖስታ እንዲገባ ጠይቄ፣ ሲታሸግ ቆሜ አየሁ።