ከፊት የተጻፈው

እናቴ ባለፈው ዓመት ለዐቢይ ጾም ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ቡናዋን የምታነጣበት ዱቄት ክሪመር ገዛሁላት። ዕቃው ላይ በትልልቅ ፊደል «ወተት የሌለበት» ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠጣችው። አንድ ጠዋት ዕቃውን ሳገላብጠው፣ ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ «ሶዲየም ካዜይኔት (ከወተት የተገኘ)» የሚል አነበብኩ። ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ገድፌአለኋ?» አለችኝ።

ሳታውቅ ያደረገችው እንደማይቆጠርባት ብነግራትም ፊቷ አልተፈታም። የገዛሁት እኔ ነኝና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ነገሩ ሕጋዊ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ፣ «ወተት የሌለበት» የተባለ ምግብ ካዜይኔት ከገባበት ምንጩ በዝርዝሩ ውስጥ በቅንፍ ይጻፍ ይላል። ከፊት ያለውን ቃል አንሱ ግን አይልም።

ከዚያ ወዲህ የማሸጊያ ክሶችን እየፈለግሁ አነባለሁ። ልቤን ያሳረፈው የአሜሪካ ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ምግብ አምራቹ ገርበር በተከሰሰበት ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ለሕፃናት የሚሸጠው ምግብ ሣጥን ላይ ብርቱካን፣ ኮክ፣ እንጆሪና ቼሪ ተሥለዋል፤ ውስጡ የገባው ጭማቂ ግን የነጭ ወይን ብቻ ነበር። ዳኞቹ ክሱን የዘጋውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ሻሩ። ገዢው ከፊት ያሳሳተውን ነገር እውነት ለማግኘት ከጎን ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንዲያስስ አይጠበቅበትም አሉ። እናቴን የሚያውቋት መሰለኝ።

ሁሉም ክስ እንዲህ አልሆነም። ኮካ ኮላ በሚኒት ሜይድ ስም «ሮማንና ብሉቤሪ» የሚል ጭማቂ ይሸጥ ነበር፤ 99.4 በመቶው የአፕልና የወይን፣ ሮማኑ 0.3 በመቶ ብቻ። ከአንድ ሊትር ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የሮማን ጭማቂ ሻጩ ፖም ወንደርፉል ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 መክሰስ ይችላል ሲል 8 ለ 0 ወሰነ። ጉዳዩን በ2016 ያዩት የካሊፎርኒያ ጁሪዎች (ለፍርድ የተመረጡ ተራ ዜጎች) ግን ለኮካ ኮላ ፈረዱ። ያ ፍርድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

የሚጾም ሰውን የጠቀመው ለሌላ የታሰበ ሕግ ነው። በ2004 የወጣው የአለርጂ ሕግ ወተትን ጨምሮ 8 ምግቦች ሰው በሚያውቀው ስማቸው እንዲጻፉ ያዛል፤ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ሰሊጥ 9ኛ ሆኗል።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። «ሚልክ» የሚለውን ቃል አራት ፊደላት ግን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት። ዘንድሮ ተመልሳ ስትመጣ ወረቀቱን በቦርሳዋ ይዛዋለች። ሱቅ ውስጥ የብስኩት ፓኮ አንሥታ ከፊቱ ምን እንደሚል እንኳ ሳትጠይቀኝ ገለበጠችው፤ ደመቅ ብሎ የታተመውን መስመር በጣቷ ተከትላ «ይኸው፣ አለበት» አለችና ወደ መደርደሪያው መለሰችው።