አንድ ኪሎ ለአንድ ሰው

ከሐረር የወጣነው ጥር 2016 ዓ.ም. ነው፤ ጉዞው የተጀመረው ግን ከዚያ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ በእናቴ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የሰፈር ልጅ ባመጣው ሚዛን ላይ ነው። እኔና የ8 ዓመት ልጄ ባለቤቴ ወዳለበት ወደ ዊኒፔግ፣ ካናዳ፣ ልንሄድ ነበር። ትኬታችን ለአንድ መንገደኛ እያንዳንዳቸው ከ23 ኪሎ የማይበልጡ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል። ልጄም በራሱ መቀመጫ ስለሚሄድ የእርሱ ድርሻ ከእኔ እኩል ነው። አራት ሻንጣ፣ 92 ኪሎ። በእጅ የሚያዘው ደግሞ ለእያንዳንዳችን 7 ኪሎ።

መጀመሪያ የመዘንኩት ባዶ ሻንጣዎቹን ነው። ፈረስ መጋላ አካባቢ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን ልጅ ነበር፤ ከነሚዛኑ ወደ ቤት ወሰድኩትና ግማሽ ቀን አብሮን ዋለ። ከፕላስቲክ የተሠሩት ሁለቱ ትልልቅ ሻንጣዎች አምስት አምስት ኪሎ፣ የጨርቆቹ ሦስት ሦስት ኪሎ ሆኑ። ገና አንድ መሀረብ እንኳ ሳልከትባቸው 16 ኪሎ ወስደውብኛል። ፕላስቲኮቹን የገዛኋቸው ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ወርጄ፣ ብዙ ተከራክሬ ነበር። ለወንድሜ ትቼለት መጣሁ።

በምትካቸው ወደ መኪና ግርግር ሄድኩ። ሐረርን የማያውቅ ካለ፣ መኪና ግርግር በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ የሚነሣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። በልጅነቴ የትምህርት ቤት የደንብ ልብሴን የሰፉልኝ አባት ዛሬም እዚያው ተቀምጠዋል። ከወፍራም ሸራ ሁለት ሻንጣ እንዲሰፉልኝ ለመንኳቸው። “ልኩ ስንት ይሁን ልጄ?” አሉኝ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመር ከ158 ሴንቲሜትር ማለፍ እንደሌለበት ነገርኳቸው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ሸራው ላይ ዘረጉት፤ ጥቂት አስበው፣ “ሸራ ሲሞላ ይነፋል፤ እኔ 150 አድርጌ ልስፋልሽ፣ የቀረውን ሆዱ ይሙላው” አሉኝ። ሲሞላ ስንለካው 156 ሆነ። የእያንዳንዱ ሻንጣ ክብደት አንድ ኪሎ ብቻ ነው፤ ስምንት ኪሎ አተረፉልኝ። በልኬት ላይ ከእኒያ ሰው የበለጠ የማምነው የለም።

ሚዛኑን ግን አላመንኩትም። ሐረር ውስጥ ጀሪካን የሌለው ቤት ስለሌለ 20 ሊትር ውኃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን አነሳሁ። ውኃው 20 ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎ ጀሪካኑን ይዤ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ልዩነቱ 20 ሆነ። ሚዛኑ አንድ ኪሎ ይሰርቃል ማለት ነው። ልጁ በጣም ተጨነቀ፤ ሚዛኑን ገልብጦ ሥሩን ጠረገ፣ ቢሆንም ያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሻንጣ በእርሱ ሚዛን 21 ላይ ለማቆም ወሰንኩ። አንድ ኪሎ የሚሰርቀው ይጨመርበታል፣ አንድ ኪሎ ደግሞ ለመጠባበቂያ።

ከዚያ በኋላ አደራው መጣ።

ሐረር ውስጥ እገሊት ውጭ አገር ልትሄድ ነው ከተባለ ወሬው ከሸዋ በር ኤረር በር ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። በሳምንቱ የእናቴን ሳሎን ፌስታል ሞላው። የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ቶሮንቶ ናት፤ አምስት ኪሎ በርበሬ። የአክስቴ ልጅ ኦታዋ ነው፤ አራት ኪሎ ሽሮና ሦስት ኪሎ ድርቆሽ። የአንድ የአባቴ ወዳጅ ልጅ የት ከተማ እንደሚኖር እንኳ በግልጽ የነገረኝ የለም፤ “እዚያው ካናዳ ነው፣ ስትደርሺ ደውይለት” ተባልኩ። የተቆላ ቡና፣ በሶ፣ የሕፃን ቀሚስ፣ አንድ ትልቅ ጥራዝ መጽሐፍ። ሁሉንም መዝኜ ስደምረው 31 ኪሎ መጣ። ከ92ቱ ላይ የባዶ ሻንጣዎቹን 8 ኪሎ ስቀንስ የቀረኝ 84 ነው፤ ከሲሶው በላይ የሰው ዕቃ ሊሆን ነው።

አደራን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። እኔም የሰው ናፍቆት አቃልዬ አላይም፤ ባለቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ሻንጣ በተላከለት በርበሬ ኖሯል። ነገር ግን ለመኖር የሚሄድ ሰው ሻንጣ፣ ዘመድ ጠይቆ እንደሚመለስ ሰው ሻንጣ አይደለም። የሚመለሰው ሰው የረሳውን ተመልሶ ያገኘዋል። የልጄን የአማርኛ መጽሐፎች ሽሮ ላስገባ ብዬ ብተዋቸው ዊኒፔግ ላይ ከየት አመጣቸዋለሁ?

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ቡና አፍልታ አደራ ያመጡትን ሁሉ ጠራች። ሁለተኛው ሲኒ ሲቀዳ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ “ልጄ ቤቷን ተሸክማ ነው የምትሄደው። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ኪሎ ትወስድላችኋለች። የቀረውን ሌላ መንገደኛ ሲገኝ እንልካለን፤ እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቀመጥ” አለች። ማንም አልተቆጣም። እትዬ እንዲያውም “አንድ ኪሎውን የዘንድሮውን አድርጊልኝ፣ የአምናው ይቆይ” ብለው ሌላ በርበሬ ሊያመጡ ተነሡ።

እኔም የራሴን ጨመርኩ፤ በዓይኔ ያላየሁትንም ሆነ የማላውቀውን ሰው ዕቃ አልጭንም አልኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ “ሻንጣሽን ያዘጋጀሽው ራስሽ ነሽ? ሰው የሰጠሽ ነገር አለ?” ተብሎ ይጠየቃል፤ እያንዳንዱ ፌስታል በባለቤቱ ፊት ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ እንደገና መታሰር አለበት። እንዲህ ሲፈታ ነው ከአክስቴ ድርቆሽ ሥር ቋንጣ የተገኘው። ካናዳ ሥጋ አያስገቡም፤ ደብቆ የተገኘ ይቀጣል። አክስቴ ፊቷ ቀላ። “ለገዛ ልጄ እኮ ነው፣ ማንን ይጎዳል?” አለችኝ። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በሥጋ በኩል ወደ አገራቸው እንዳይሻገር እንደሚፈሩ አስረዳኋት። አክስቴ ያደገችው ከብት እየጠበቀች ነው። አፍተግር የሚለውን ስትሰማ ወዲያው ዝም አለች፤ ቋንጣውን አውጥታ ለልጆች አደለችው። “አፍተግርስ ከሆነ ልክ ናቸው” አለች።

31 ኪሎው ወደ 8 ወረደ፤ ስምንት ሰው፣ ስምንት ኪሎ።

የቀረው የእኔ ውሳኔ ነበር፤ ከሁሉም ያስቸገረኝ የብረት ሙቀጫው ነው። የአያቴ ነበር። ከነዘነዘናው አምስት ኪሎ ከግማሽ ይመዝናል። ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስት ጊዜ አወጣሁት። በመጨረሻ መፍትሔ የሆነኝ የካናዳ ጉምሩክ ሕግ ነው። ለመኖር የሚገባ ሰው ሁለት ዝርዝር ያቀርባል፤ አንደኛው አብሮት የመጣው ዕቃ፣ ሁለተኛው በኋላ የሚከተለው። ከመግባቱ በፊት የራሱ የነበረና የተጠቀመበት ዕቃ በሁለተኛው ዝርዝር ላይ ከነግምቱ ከሰፈረ፣ ዘግይቶ ቢመጣም እንደ መጀመሪያው ያለ ቀረጥ ይገባል። መጀመሪያ ሲገቡ ያልተጻፈው ግን ይህን መብት ያጣል። ሙቀጫውን፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍና ትልቁን የሐረር ስፌት ሞሰብ ሁለተኛው ዝርዝር ላይ አሰፈርኳቸው። ትንንሾቹን ስፌቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትቼ፣ በውስጣቸው የልጄን ካልሲዎች ሞልቼ ወሰድኳቸው። ስፌት ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ ሲሞላ ደግሞ አይጨፈለቅም።

በእጅ የምንይዘውን ቶሎ ጨረስኩ፤ ፓስፖርት፣ የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች፣ ወርቄ፣ የልጄ የአስም መድኃኒት፣ የስልክ ፓወር ባንኩ (ይህ ወደ ጭነት መግባት የለበትም)፣ በነጠላ የተጠቀለለች ጀበና። እናቴ ከቁልቢ ያመጣችው ጸበል በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ስለነበር በእጅ አያልፍም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። አፉን በፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልዬ በልብስ መካከል ቀበርኩት።

ካፖርቶቹ የትም አልገቡም። ዊኒፔግ በዚያ ሳምንት ከዜሮ በታች 25 ነበር። ከሰልባጅ ተራ የገዛኋቸው ሁለት ወፍራም ካፖርቶች ለብቻቸው አምስት ኪሎ ናቸው። የለበሱት ልብስ አይመዘንም፤ ስለዚህ ልንለብሳቸው ወሰንን።

ጠዋት ከሐረር ስንነሣ ብርድ ስለነበር ካፖርቱ አልከበደንም። አወዳይ ጫቱ ገና ከመኪና እየወረደ ነበር። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውኃ ይዞ፣ ወፎች አርፈውበት አየሁት፤ ልጄን ቀስቅሼ አሳየሁት። ደንገጎ ላይ ስንደርስ መንገዱ ወደ ድሬዳዋ መጠማዘዝ ጀመረ። በእያንዳንዱ ጥምዝ ሙቀቱ ይጨምራል። ልጄ መጀመሪያ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ፣ ቀጥሎ አንድ እጁን አወጣ፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። የድሬዳዋን ሰፈር ከዚራን በዛፎቿ ጥላ ሥር አቋርጠን አለፍን። ለሻይ እንኳ አልቆምንም፤ ወንድሜ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሸኚ ከበሩ አያልፍም። እዚያው ተሰነባበትን፤ ስለ እርሱ መጻፍ አልፈልግም።

ሻንጣዎቻችን 22.1፣ 22.3፣ 21.8 እና 22.0 አሳዩ። የሰፈራችን ልጅ ሚዛን፣ የሚሰርቀው ከታወቀ ወዲህ፣ ታማኝ ነበር። ከጎናችን ግን አንድ ወጣት ሁለት ሻንጣ መሬት ላይ ዘርግፎ ተንበርክኳል። ወደ አውሮፓ ለትምህርት መሄዱ ነው። “46 ኪሎ ተፈቅዶልሃል ብለውኝ ነበር” ይላል። እውነት ነበር፤ ከአዲስ አበባ በኋላ። ትኬቱን የሸጠለት ሰው የድሬዳዋውን በረራ ለብቻው ቆርጦለታል። መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት ሲሆን የውጭ በረራው ሚዛን ከመነሻው ጀምሮ ይሠራል፤ ተለያይቶ ሲቆረጥ ግን የሀገር ውስጡ በራሱ ደንብ ይመዘናል፤ እርሱም ያንሳል። እኔ ከድሬዳዋ እስከ ዊኒፔግ በአንድ ትኬት እንዲሆንልኝ ሁለት ጊዜ የተመላለስኩት ለዚህ ነበር።

ወጣቱ ጋቢውን አውጥቶ ደረበው። ጫማውን ቀየረ። ቀጥሎ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ማንሳትና ማስቀመጥ ጀመረ፤ ከኋላው ሰልፍ ቆሟል፣ ቤተሰቡ ከበሩ ውጭ ነው፣ የሚመክረው ሰው የለም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ዘንድ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ቦታ ነበረኝ። ግን የማላውቀውን ሰው ዕቃ አልጭንም ብዬ ለዘመዶቼ ተናግሬ ነበር፤ ቃሌን አልሻርኩም። ለወንድሜ ደወልኩለት። ገና ከበሩ አልራቀም። መጽሐፎቹን አንድ ሠራተኛ አውጥቶ ሰጠው፤ ወንድሜም የወጣቱን እናት ስልክ ተቀብሎ፣ አመሻሹ ላይ ሐረር ቤታቸው ድረስ አደረሰላቸው።

ቦሌ ላይ የማስታውሰው ወንበር ላይ የተኛ ልጄንና የሻንጣ ደረሰኞቹን ነው። የአራቱም መለያ የዊኒፔግን ምልክት ይዟል፤ ቢሆንም ካናዳ መጀመሪያ በገቡበት ከተማ ሻንጣን ተቀብሎ ከጉምሩክ ጋር መጨረስና እንደገና ማስረከብ ግድ ነው። ለእኛ ያ ከተማ ቶሮንቶ ነው።

ቶሮንቶ ላይ ሁለቱን ዝርዝሮች አቀረብኩ። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ምግብ ይዘሽ እንደሆነ ብላ ጠየቀችኝ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና የተቆላ ቡና ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ሥጋ? የለም። በሁለተኛው ዝርዝር ላይ የሙቀጫውን መስመር በጣቷ ይዛ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሁለት እጄ መውቀጥ አሳየኋት። ማኅተሙን አሳርፋ ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ሻንጣዎቹ እዚያ ስለሚወጡ የእትዬን ልጅ እንድትጠብቀኝ ነግሬያት ስለነበር መውጫው ላይ ቆማ ነበር። ከሥራ ነው የመጣችው፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። የሸራውን ሻንጣ እዚያው ወለሉ ላይ ከፍቼ አንድ ኪሎውን አወጣሁላት። ቋጠሮውን ፈታችና ፊቷን ወደ ውስጥ አደረገች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

“የዘንድሮ ነው” አለች።

ሻንጣውን ዘጋሁት። የዊኒፔጉ በረራ ሁለት ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ ልጄ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ጋሪውን መግፋት ጀምሯል።