ሐዋሳ፦ ዓሣው ለዛሬ፣ ቆጮው ለከርሞ

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስትታጠፉ መቂና ባቱ ላይ ቲማቲሙ መንገድ ዳር ይጠብቃችኋል። በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ። መኪናው ቆም ሲል ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል፤ ዋጋውም እዚያው ይወርዳል። ምን ያድርጉ? ፀሐይ ላይ የዋለ ቲማቲም ብዙ አይቆይም። እኔም የምሄደው ሰው ምግቡን እንዴት አድርጎ እንደሚያቆይ ለማየት ነበርና ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አቃተኝ።

በማግስቱ በጠዋት አሞራ ገደል ወረድኩ። ካረፈዳችሁ ጥሩ ጥሩው አልቆ ነው የምትደርሱት። መረብ ይራገፋል። ልጆች ቁጭ ብለው ቅርፊት ይፍቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪጣልላቸው ከሰው ጋር ተጋፍተው ቆመዋል። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። አንዷ ሻጭ የዓሣውን ስንጥብ በጣቷ ገልጣ አሳየችኝ። ደም የመሰለ ቀይ ነው። "ቀለሙ ከጠቆረ እንዳትገዢ" አለችኝ። ቀጠል አድርጋም "እዚህ ነው የምትበይው ወይስ ይዘሽ ልትሄጂ ነው እህቴ? ይዘሽ ከሆነ በረዶ ፈልጊ" አለች።

እውነቷን ነው። የዓሣ ሥጋ ለስላሳና ውሃ የበዛበት ስለሆነ መበላሸት የሚጀምረው ወዲያው ነው። አንጀቱ ቶሎ የሚወጣውም ባክቴሪያው እዚያ ስለሚበዛ ነው። በረዶ ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ሥራውን ያዘገይበታል እንጂ። መንገድ ላይ ከቀለጠ ካቆመበት ይቀጥላል። ፍሪጅም ያው ነው፤ መብራት ከጠፋ ማለት ነው። እኔ ጥብሱን በዳጣ እዚያው በልቼ ተነሳሁ።

ያስደመመኝን ነገር ያየሁት ግን ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ፣ ጓደኛዬ ቤተሰቦች ጋ ነው። ግቢው በእንሰት ታጥሯል። እናቷ "ነይ ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ እይ" ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ሥራው የሴቶች ነው፤ ጎረቤቶችም መጥተዋል። ለዓመታት የቆየው እንሰት ተቆርጦ ግንዱ እየተላጠ ሳንቃ ላይ ይጋደማል። ከዚያ በቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። ለስላሳው ይወርዳል፣ ቃጫው እጅ ላይ ይቀራል። ቃጫውም አይጣልም፤ ገመድ ይሆናል። ሥሩ ደግሞ ተከትክቶ ከተፋቀው ጋር ይቀላቀላል። ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ከሥሩ ነጭ ነገር ይተኛል። ቡላ የሚባለው እሱ ነው።

ቆጮ የሚሆነው የቀረው ነው፤ እሱ ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ ዙሪያውን በኮባ ቅጠል ተለብጧል። ከላይም ኮባ ይደረብበትና ድንጋይ ይጫንበታል። እናቷ አሮጌውን ጉድጓድ ከፍተው አሳዩኝ። ሽታው መጀመሪያ ኃይለኛ ነው፤ ቆይቶ ግን ይለመዳል፣ እንዲያውም ያስጎመጃል። ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ አዲስ ቅጠል አልብሰው መልሰው ጫኑት። "አየር ከገባበት ይሻግታል። ድንጋዩ ነው የሚጠብቀው" አሉኝ።

ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። አየር በሌለበት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። እነሱ የሚያመነጩት አሲድ ምግብ የሚያበላሹትን አብዛኞቹን ሌሎች ባክቴሪያዎች አያስጠጋም። እርጎም የሚኮመጥጠው በዚሁ መንገድ ነው። ቆጮው ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ይዘገያል። በሚገባ ከተያዘ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። መብራት አይፈልግ፣ ቆርቆሮ አይፈልግ። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በማፍላት የሚያቆይበትን ዘዴ በ1810 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። ምክንያቱን ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። አፔር ስሙ በመጽሐፍ ተጽፎለታል። ቆጮን የፈጠሩት ሴቶች ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ይሄ ይቆጨኛል።

ቆጮን የድሃ ምግብ የሚሉ ሰዎችም ያናድዱኛል። ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል። በ1977ቱ ረሃብም እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ከሌላው ተሽለው እንደተቋቋሙ በሰፊው ይነገራል። ዝናብ ቢቀርም ጓሮ የቆመ እንሰትና ጉድጓድ የገባ ቆጮ አለ። ሲዳማዎች ለዘመን መለወጫቸው ለፍቼ ጫምባላላ የሚያቀርቡት ቡሪሳሜም ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል።

ምሳ ሲደርስ ከጉድጓዱ የወጣው ቆጮ በቃጫ ተጠቅልሎ ተጨመቀ። ኮምጣጣው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ የቀረችው ጭረት ጥርስ ውስጥ እንዳትገባ በቢላ ደጋግመው ከተፉት። በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ተጋገረ። ከጎመንና ከአይብ ጋር ቀረበ። ቅቤው የተነጠረ ነው። ማንጠርም ያው ማቆያ ነው፤ ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ሲወጣ ባክቴሪያው የሚይዘው ያጣል። ከምድጃው በላይ ቋንጣ ተንጠልጥሏል፤ ጨውና ጭስ ውሃውን መጠውታል። የወተቱ ዕቃም በወይራ የታጠነ ነው። አንድ ጓዳ ውስጥ ማብላላት፣ ማድረቅ፣ ማጠን፣ ጨው ማድረግና ማንጠር ሁሉም አሉ።

የምትሄዱ ከሆነ ዓሣውን እዚያው ብሉት። ቆጮ ከገበያ ስትገዙ በኮባ የተጠቀለለውን ምረጡ፣ ግለጡትና አሽቱት። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ጤነኛ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካያችሁ ተዉት። ለመንገድ የሚሻለው ደረቅ ያለ ቡላ ነው። ቤት ስትደርሱ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት፣ ከዚያ እያማሰላችሁ ገንፎ አድርጉት። ቅቤውን አትሰስቱ።