ስድስት ወር፣ 4,265 ኪሎ ሜትር

«አሜሪካ ውስጥ የት ነው የምታርፈው?» አለኝ የቪዛ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

«ድንኳን ውስጥ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ካርታዬን ዘረጋሁና ጣቴን ካምፖ ላይ አስቀመጥኩ። ከሜክሲኮ ድንበር ሥር ያለች የካሊፎርኒያ መንደር ናት። ከዚያ ኦሪገንን፣ ዋሽንግተንን አልፌ የካናዳ ድንበር ላይ አቆምኩ። ፓሲፊክ ክረስት ትሬይል ይባላል። 4,265 ኪሎ ሜትር፣ በእግር።

አብዛኛው ሰው ይህን መንገድ ለመጨረስ አምስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያለ ቪዛ መግባት የሚችሉ አገሮች ዜጎች እንኳ ኢስታ በሚባለው የኢንተርኔት ፈቃድ የሚፈቀድላቸው 90 ቀን ብቻ ነው። አይራዘምም። ካናዳ ብቅ ብሎ መመለስም ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሙሉውን መሄድ የፈለገ አብዛኛው የውጭ ሰው ቢ-2 የሚባለውን የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። እኔ ስጠይቅ ክፍያው 185 ዶላር ነበር፤ ቢከለከሉም አይመለስም።

ለእኛ ለእግረኞች የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሕጉ አመልካቹን እንደሚመለስ እስኪያሳይ ድረስ ለመቅረት እንዳሰበ ሰው ነው የሚቆጥረው። አምስት ወር ለመሄድ ደግሞ ብዙዎቻችን ሥራ እንለቃለን፣ የተከራየነውን ቤት እናስረክባለን፣ ዕቃ እንሸጣለን። ትመለሳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚቆጠሩት እነዚሁ ናቸው! ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ቪዛው ሳይያዝ ሥራ አይለቀቅም። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠየቅሁና የምመለስበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ይዤ ቀረብኩ። የባንክ ስቴትመንትና የመንገዱን ፈቃድም ጨመርኩ። ከደቡብ ጫፍ ለሚነሱ በቀን የሚሰጠው ፈቃድ 50 ብቻ ስለሆነ፣ ከቪዛው ቀድሜ ነበር የያዝኩት። ቀጠሮው ቢዘገይ ኖሮ የመነሻ ቀኔ ባከነ ማለት ነው። እነዚያን ሳምንታት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሰውዬው ደብዳቤውን አንዴ፣ ካርታውን ሁለቴ አየ። «መልካም ጉዞ» አለኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቪዛ ማግኘት ማለት ግን ስድስት ወር ማግኘት ማለት አይደለም። የሚቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው ኤርፖርት ላይ ያለው የድንበር ሠራተኛ ነው። ቀኑ የሚመዘገበው አይ-94 በሚባለው ሰነድ ላይ ነው። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ተፈቀደልኝ። አተምኩትና ከፓስፖርቴ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩት። በረሃው ላይም፣ ሴራ ኔቫዳ በረዶ ውስጥም ያ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እግሬ ቆስሎ ሦስት ቀን ስተኛ ያሳሰበኝ ከቁስሉ ይልቅ የቀኑ መሄድ ነበር።

ሰሜን ካሊፎርኒያ ላይ በኢስታ የገባ አንድ ጀርመናዊ አብሮኝ ነበር። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ እግረኛ ነው። 90 ቀኑ ሊሞላ ሲል አውራ ጎዳና ላይ ተሰነባበትን። የተረፈውን ምግብ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመረልኝና መኪና ለመለመን እጁን ዘረጋ። ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም።

መጨረሻው ላይ ድንበሩ ጫካውን በቀጭኑ ላጭቶ ያልፋል። የመንገዱን ጫፍ የሚያሳዩት የእንጨት ምሰሶዎች እዚያው ቆመዋል። ድሮ እግረኛ አስቀድሞ ፈቃድ አውጥቶ በዚያ በኩል ካናዳ ይገባ ነበር። ካናዳ ግን ይህን በ2025 ጃንዋሪ አስቀረችው። እኔ በዚያው ዓመት ነው የደረስኩት። ምሰሶውን አቅፌ አለቀስኩ። ከወዲያ ያለው ዛፍ ከወዲህኛው አይለይም፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

ውኃዬን ጠጣሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ደቡብ አዞርኩና መኪና እስከሚደርስበት ሃርትስ ፓስ ድረስ 48 ኪሎ ሜትር በመጣሁበት ተመለስኩ። አይ-94 ላይ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር።