አጭር አንቴና ረጅም ጣጣ

ዛሬ አዳማ ላይ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እኛ ግን ከጣት ከማትረዝም የራዳር አንቴና ጋር ስንታገል ዋልን።

የተቀበረ ቧንቧ ለመፈለግ ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይሻላል፤ ከፍተኛውን አፈር ይውጠዋል። ችግሩ፣ 300 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 1 ሜትር ነው። አንቴናውን ከዚያ እጅግ ባሳጠራችሁት ቁጥር የሚሸፍነው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይጠባል። ቹ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳየው ገደብ ነው፤ ልመና አይሰማም። ይሄ ራዳር ደግሞ ያለ ሰፊ ባንድ ምንም ነው፦ 1 ጊጋኸርዝ ስፋት ሲኖር በአየር ውስጥ በርቀት 15 ሴንቲሜትር የሚለያዩ ነገሮችን ይለያል፤ ሲጠብ ሁለቱ አንድ ሆነው ይታያሉ።

ስለዚህ ሲግናሉን የሚያጎላ ትራንዚስተር እዚያው አንቴናው እግር ስር በየድን። ሲግናሉ ኬብል ውስጥ ሳይገባ ማጉያው ይቀበለዋል። በነፃ ግን አይደለም፤ ማጉያው የራሱን ጫጫታ ይጨምራል፣ ያልተፈለገውንም አብሮ ያጎላል። ለመቀበያ ግን እኔ አሁንም በዚህ መንገድ አምናለሁ።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጎልቶ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኤፍኤም ጣቢያ! የላብራቶሪው ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆች፣ ይሄማ ሬዲዮ ነው የሠራችሁት» አሉን።

ነገ መብራት ካለ ማጣሪያ እንጨምርበታለን።